መርዶ የያዘ ሰው አይሮጥም

ልጅቱ ፊልሙን አቆመችው። የልጁን ሞት የሰማው ንጉሥ ምስል አፉን እንደያዘ ግድግዳው ላይ ቀረ።

«የሁለቱ ፊልሞች ተውኔት አንድ፣ ትዕይንቱም አንድ ነው» አለች። «በመጀመሪያው ፊልም ንጉሡ ይጮሃል፤ በዚህኛው ዝም ይላል። ዝምታው ይበልጣል ባይ ነኝ።»

አባቷ የአምቡላንስ ሹፌር ዩኒፎርሙን እንደለበሰ ከሥራ በቀጥታ መጥቶ የኋላ ረድፍ ላይ ተቀምጧል። ልጁ የመመረቂያ ጽሑፏን የምታቀርብበት ቀን ነው። ከፊት ከተቀመጡት ሦስት ፈታኞች መሀል ሽበታሙ፣ ፊታቸው እንኳን ተማሪ፣ ድመትም የሚያስጠጋ አይመስልም። ከጠዋት ጀምሮ ሁለት ልጆችን «እንደገና ጻፉ» ብለው መልሰዋል።

«ዝምታ ሁሉ ጥበብ አይደለም» አሉ ሽበታሙ። «ተዋናዩ ቃሉ ጠፍቶበትስ ቢሆን? እኔን ያስለቀሰኝ ጩኸቱ ነው። ምን ይዘሽ ነው ይበልጣል የምትዪው?»

ልጅቱ ፊልሙን ወደኋላ መለሰችው።

«ንጉሡን ይተዉትና መርዶ ነጋሪውን ይዩልኝ» አለች። «የመጀመሪያው በሩን በርግዶ፣ እያለከለከ ይገባል። ይሄኛው ግን የበሩ ደፍ ላይ ይቆማል። ልብሱን ያስተካክላል። ክፍሉን በዓይኑ ይቃኝና ወንበር ያመጣል። ንጉሡ አንዲት ቃል ሳይሰማ፣ ወንበሩን ሲያይ ነገሩ ገብቶታል። ታዲያ ምን ብሎ ይጩህ?»

ሽበታሙ መነጽራቸውን አወለቁ። «ይሄን ከየትኛው መጽሐፍ አገኘሽው?»

«ከመጽሐፍ አይደለም፣ ከአባቴ ነው። አብረን ስናይ በመጀመሪያው ፊልም ሳቀ። ‹መርዶ የያዘ ሰው አይሮጥም፤ የሚሮጠው ገና ተስፋ ያለው ነው› አለኝ።»

ክፍሉ በሙሉ ወደኋላ ዞረ። አባትየው ማንም ሳይጠራው ብድግ አለ።

«እርስዎ ነዎት?» አሉት ሽበታሙ።

«አዎ ጌታዬ። በሽተኛ ስጭን እከንፋለሁ፤ መንገድ አይበቃኝም። ሰው ካረፈ በኋላ ግን ቤተሰቡ ወዳለበት ስሄድ እግሬ አይታዘዘኝም። መጀመሪያ የምፈልገው መቀመጫ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ቆሞ አይሰማም። ሃያ ሁለት ዓመት ሆነኝ። የምናገረውን ቃል ግን እስከዛሬ አልለመድኩትም።»

ሽበታሙ ወደ ልጅቱ ዞሩ። ድምፃቸው ለስለስ ብሏል። «እንግዲያው ምንጭሽን መጥቀስ ነበረብሽ።»

«ጠቅሻለሁ» አለች፣ አገጯን ቀና አድርጋ። «ገጽ አርባ ሁለት፣ የግርጌ ማስታወሻው ላይ።»

ሽበታሙ የጽሑፏን ጥራዝ ገለጡ። አነበቡት። ከዚያ «የእኔ ጥያቄ አልቋል» ብለው ተነሡና የተገለጠውን ጥራዝ እንደያዙ በወንበሮቹ መሀል አልፈው ለአባትየው በሁለት እጃቸው ሰጡት።

በማስታወሻው ከተጠቀሱት ምሁራን ስም ሥር የእሱ ስም ከነአያቱ ተጽፏል። ቀጥሎም «የአምቡላንስ ሹፌር፤ በቃል የነገረኝ» ይላል።

በጣቱ እየተከተለ ሦስት ጊዜ አነበበው። ቀና ሲል ልጁ የሁለተኛዋን ፈታኝ ጥያቄ እየመለሰች ነበር፤ ድምጿ ሳይንቀጠቀጥ እስከ ኋላ ረድፍ ድረስ ይሰማል።