የፀጉር ሠሪዋ አፍንጫ

ፀጉር ሠሪዋ የአፍ ጭንብሏን የምታወልቀው ደንበኞቿ ከሄዱ በኋላ ብቻ ነው። አፍንጫዋ ከተደፈነ፣ ሽታ የሚባል ነገርም ከጠፋባት ቆይቷል። እሱስ ይሁን፤ የጨነቃት ትንፋሿ ነው። ይሽተት አይሽተት በምን ታውቀው?

ከሁሉ የባሰባት የባሏ ነገር ነበር። አንድ ቀን ትራሱን አቅፎ ወደ ሳሎን ወጣ፤ ሶፋው ላይ ላስቲክ አንጥፎ፣ በላዩ አንሶላ ደርቦ መተኛት ጀመረ።

«ማንኮራፋትሽ አላስተኛ አለኝ» አላት፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ።

ማንኮራፋት ብቻ እንዳልሆነ ገባት። ሰውየው ጎህ ሲቀድ መስኮቱን ሁሉ ይበረግዳል። አንሶላውን እንኳ ለእሷ አይሰጥም፣ ራሱ ያጥባል። ይህን ያህል ተጸይፎኛል ብላ አንገቷን ደፋች። ሲያዋራት አፏን በእጇ ትሸፍናለች።

በመጨረሻ ለማንም ሳትናገር ሐኪም ዘንድ ሄደች። ሐኪሙ አፍንጫዋን ከፊት ቢያይ ብዙም አላገኘ። አፏን አስከፍቶ ምላሷን ሲጫን ግን ከእንጥሏ ጀርባ ግራጫ ነገር ተንጠልጥሏል። በቀጭን ካሜራ ተከታተለው፤ ሲቲ ስካንም አስነሣት።

«ፖሊፕ ነው፤ ውሃ የቋጠረ ሥጋ በይው። ያንቺው ቦታ ስቷል። ከጉንጭሽ አጥንት ውስጥ ተነሥቶ፣ በኋላ በኩል ዞሮ ጉሮሮሽ ላይ ወርዷል።»

«ይሸታል እንዴ፣ ዶክተር?» ጆሮዋ ድረስ ቀላች።

«እኔ ምንም አልሸተተኝም። ግን ከሥሩ ካልወጣ ተመልሶ ይበቅላል።»

ለባሏ ስትነግረው ደስ ይለዋል ብላ ነበር። ፊቱ ዳመነ።

«ምነው ቢቀርብሽ? እኔ እንደሆን ለምጄዋለሁ።»

ለምጄዋለሁ! መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

አደንዝዘው በአፍንጫዋ በኩል አወጡላት። ናሙናው ተመርምሮ ክፉ ነገር እንዳልሆነ ተነገራት። ማሽተቱ ግን ዘገየ። አንድ ጠዋት የደንበኛ ፀጉር እያጠበች ሳለ የሻምፖው ሽታ ድንገት አፍንጫዋን ሞላው። ጭንብሏን አውልቃ ጣለችና ሳቀች፤ ከዚያም አለቀሰች።

ደንበኛዋን እንደጨረሰች ሱቋን ዘግታ ወደ ቤት በረረች። «ከዛሬ ጀምሮ አልጋችን ላይ ነህ» ልትለው።

የባሏ የዕረፍት ቀን ነበር፤ ገና አልተነሣም። የሳሎኑን በር ስትከፍት ደንግጦ ብርድ ልብሱን ወደ ወገቡ ሳበ።

«አትግቢ፣ እናቴ። መጀመሪያ መስኮቱን ልክፈተው።»

ሳሎኑ ሽንት ሽንት ይሸታል።