የአቶ ደምሰው መሐላ

በጂኦግራፊ መምህርነት ጡረታ የወጡት አቶ ደምሰው፣ ሐኪሙ «የፕሮስቴት እጢዎ አብጧል» ካላቸው ወዲህ ለማንም ትንፍሽ አላሉም። ዕድሜ ልካቸውን ጎምላላው መምህር ሲባሉ ኖረው፣ ሽንቴ አስቸገረኝ ብሎ ማውራት ከሞት የባሰ ሆነባቸው። ሌሊት አምስት ጊዜ፣ አንዳንዴም ስድስት ጊዜ፣ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ጓሮ ወዳለው መጸዳጃ ቤት ይወጣሉ። ጠብ ጠብ እያለ እዚያው ብዙ ያቆማቸዋል።

ባለቤታቸው ወይዘሮ አስካለ ሁለት ወር ሙሉ ዝም ብለው ሲታዘቡ ከረሙና አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሦስት ሽማግሌዎች ሰበሰቡ።

«እኔ ልጅ አይደለሁም» አሉ እንባቸውን እየጠረጉ። «ጫማውን በእጁ ይዞ ከአልጋዬ የሚወጣ ሰው ወዴት ነው የሚሄደው? ሴት ይዟል። ይናገር!»

አቶ ደምሰው ሽማግሌዎቹን አንድ በአንድ አዩ። ሁለቱ አብረዋቸው ያስተማሩ ናቸው። እውነቱን ሊናገሩ አፋቸውን ከፈት አድርገው መልሰው ዘጉት።

«እውነቷን ነው» አሉ በመጨረሻ። «ሴት ይዣለሁ።»

ወይዘሮ አስካለ በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። ከሽማግሌዎቹ የአንዱ ፊት ላይ አድናቆት የሚመስል ነገር ብልጭ ብሎ ጠፋ።

ትልቁ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ጥፋትዎን ማመንዎ መልካም ነው። ወይዘሮ አስካለም ይቅር ይላሉ። እርስዎ ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ ከመሸ በኋላ እስኪነጋ ድረስ ከዚህ ቤት ላይወጡ በመስቀል ይምላሉ።»

አቶ ደምሰው ከወንበራቸው ተነሱ።

«እምላለሁ» አሉ። «ብቻ መጀመሪያ አንድ ጊዜ ደጅ ልውጣ።»