ደጁ የነበረበት ድንጋይ

«ግድግዳ ነው እኮ!» ብሎ ይጮህብኛል አጎቴ ሊያንደር። «ምን ዓይነት ሰው ነው በግድግዳ የሚገባው?»

አንድ እግሬን እንዳነሳሁ ቆሜ ዙሪያዬን አያለሁ። ሣር ብቻ ነው። ጎንበስ ስል ግን ከሣሩ ሥር የመሠረት ድንጋዮች በአራት ማዕዘን ተሰልፈዋል። ለካ ካሜራዬንና ባለ ሦስት እግር ማቆሚያዬን፣ ትራይፖዴን፣ ተሸክሜ የድሮ ቤታቸውን የኩሽና ግድግዳ ሰንጥቄ ገብቻለሁ።

«ይቅርታ አጎቴ፣ አላየሁትም።»

«እንዴት ታዪዋለሽ! ካሜራ ያንጠለጠለ ሰው መቼ ያያል?»

እሱ ውጭ ቆሟል፣ ከአንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ፊት ለፊት። ከጀልባዋ ወርደን እዚህ ከደረስን ጀምሮ ከዚያች ድንጋይ አላለፈም።

ጉሙ ከባሕሩ ላይ ቀስ እያለ ይነሳል። መጀመሪያ አንድ ጥቁር ቋጥኝ ይለቅልኛል፣ ቀጥሎ ሁለት ወፎች፣ ቀጥሎ ከማዶ ያለውን ገደል። ውሃው ትንፍሽ አይልም። ነቅቼ ይሁን ተኝቼ እርግጠኛ አይደለሁም። አራት ቀን ሙሉ በካናዳ የኒውፋውንድላንድን የባሕር ዳርቻ ሳስስ ከርሜያለሁ። የመብራት ማማውም፣ ቀያዮቹ የዓሣ ጎጆዎችም ሺህ ጊዜ ፎቶ ተነስተው ያለቁ ናቸው። ዓርብ አሥራ ሁለት የፎቶ ሰልጣኞች ይመጡብኛል። ስፈልግ የነበረው ይህንን ነው፤ ይኸው አገኘሁት፣ ደስታው መቆሚያ ያሳጣኛል።

ግን ቦታው የእኔ አይደለም። ትናንት በግልጽ ተነጋግረናል። በቋጥኞቹ መሃል ጀልባ የሚያሳልፈውን መንገድ፣ በልጅነቱ ስላጠናው፣ የሚያውቀው አጎቴ ብቻ ነው። አይቶት ከወደደ ሰዎቹን ራሱ ያመላልስልኛል። ካልወደደ ይህን የተተወ መንደር፣ ሳይላስ ኮቭን፣ እንዳላየሁ ሆኜ እመለሳለሁ። እሱም ካየው ሃምሳ ሰባት ዓመቱ ነው። መንግሥት መንደሩን ሲያስነሳ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበር። የእንጨት ቤታቸውን ከመሠረቱ ነቅለው፣ ባዶ በርሜል አስረውበት፣ ባሕሩ ላይ እየጎተቱ ማዶ አሻገሩት። ዛሬም የሚኖረው እዚያው ቤት ውስጥ ነው። በጀልባ አርባ ደቂቃ ቢሆን ነው፤ አንድም ቀን ግን ተመልሶ አልመጣም።

«ጠዋት ያንኳኳሽው በር» ይላል ድንጋዩን እያየ፣ «እዚህ ጋ ነበር የቆመው።»

ጠዋት ጉድ አፍልቻለሁ። ቶሮንቶ ያደገ ሰው በር ያንኳኳል። እዚህ ግን ዘመድም ጎረቤትም ሰተት ብሎ ነው የሚገባው። አጎቴ ደንግጦ እየሮጠ ነው የከፈተልኝ። «ምነው፣ ማን ሞተ?» አለኝ። ሲያየኝ ደግሞ ተቆጣ። «የሚያንኳኳው ባዳ ነው! የወንድሜ ልጅ አይደለሽም እንዴ?»

ፀሐይዋ ሳትሸሽ ሥራዬን እቀጥላለሁ። ቦታ ስመርጥ ለእያንዳንዱ ሰልጣኝ ትራይፖድ አንድ አንድ ጠጠር አኖራለሁ፣ ማን ማንን እንደሚጋርድ ይታየኛል። አሥራ ሁለቱን ደርድሬ ቀና እላለሁ።

«ያ ዳር ላይ ያለው ሰውዬ» ይላል አጎቴ ከውጭ፣ ወደ አንዱ ጠጠር እየጠቆመ፣ «ምድጃው ውስጥ ነው የቆመው። ይቃጠላል።»

«ላንሳው?»

«ያቺኛዋ ደግሞ እናቴ አልጋ ላይ ወጥታለች። ጫማዋን እንኳ አላወለቀችም።»

እስቃለሁ። እሱ አይስቅም። ዓይኑ ጠጠሯ ላይ ተተክሎ ቀርቷል። አፈርኩ። ተንበርክኬ ጠጠሮቹን አንድ በአንድ እለቅማለሁ።

«ተወው አጎቴ። ሌላ ቦታ እፈልጋለሁ» እለዋለሁ። ከልቤ ነው። ከልቤ መሆኑ ራሱ ያናድደኛል።

ጉሙ ጨርሶ ተነስቷል፤ ብርሃኑ በሣሩ ላይ፣ በድንጋዮቹ ላይ፣ በአጎቴ ሽበት ላይ እኩል ያርፋል። ቆቡን ያወልቅና ብብቱ ሥር ይሸጉጠዋል። ከዚያ እጁን ያነሳል። ከጠፍጣፋው ድንጋይ በላይ፣ ምንም በሌለበት አየር ላይ፣ ሦስት ጊዜ ያንኳኳል።

ድምፅ የለውም። እኔ ግን እሰማዋለሁ። ስልሳ ስድስት ዓመት የሞላው ሰው፣ የተወለደበትን ደጅ፣ እንደ ባዳ።

አፌ ከሐሳቤ ይቀድማል። «ምነው፣ ማን ሞተ?» እላለሁ ከውስጥ ሆኜ። «ግባ እንጂ! ባዳ ነህ እንዴ?»

አጎቴ ቦት ጫማውን ሣሩ ላይ ግራና ቀኝ ይጠርግና ድንጋዩን ረግጦ ይገባል። አጠገቤ ሲደርስ መዳፉን ይዘረጋልኛል። ጠጠሮቹን እሰጠዋለሁ።

ቸኩሎ አያውቅም፣ ዛሬም አይቸኩልም። አንዷን እዚህ፣ ሁለቱን እዚያ፣ ምድጃውን ትቶ፣ የእናቱን አልጋ ትቶ ያኖራቸዋል።

«በበሩ ይግቡ በያቸው» ይላል ጀርባውን እንደሰጠኝ። «እንዳያንኳኩ ደግሞ።»

አንዲት ጠጠር ብቻ ቀርታዋለች። እሷን ይዞ፣ ድሮ እዚህ የነበረውን፣ አሁን ከባሕሩ ማዶ ያለውን ገበታ እንዳለ ቆጥሮ ዞሮት፣ ሄዶ መስኮቱ ሥር ያስቀምጣታል።