ጭስ የሌለበት ጠዋት

ሾፌሩ ቁልፉን ደግሞ ያዞራል። መኪናው ቲክ ይልና ዝም። በሽተኛን ከነወንበሩ እስከ አውሮፕላኑ በር የሚያነሳው አዲሱ የኤሌክትሪክ ሊፍት መኪና፣ ጎኑ ላይ አረንጓዴ ቅጠል ተስሎበት፣ እንደ ሙሽራ አጊጦ ተገትሯል። ባትሪው ባዶ ነው።

«ሌሊቱን ቻርጅ ላይ አልነበረም እንዴ?» ይላል ሾፌሩ።

«ነበረ» ይላል የኤርፖርቱ ኃላፊ፣ አረንጓዴ ከረባቱን እያጠበቀ። «ግን ቻርጀሩ የሚሠራው በጄኔሬተር ነው። ጄኔሬተሩ ደግሞ ይጨሳል። እንግዶቹ እንዳያዩብን አስጠፋሁት።»

እንግዶቹ ማዶ ቆመዋል፤ ኤርፖርቱ ጭስ ቀንሷል ብለው ሊመሰክሩለት የመጡ ናቸው። ይዟቸው የመጣው ትንሽ ጄት፣ ወንበራቸው እንዳይቀዘቅዝባቸው ሞተሩን ሳያጠፋ ያጓራል።

ከሊፍቱ አጠገብ፣ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ የሾፌሩ ታላቅ እህት ተቀምጣለች። ልቧ ደክሟል፤ ሦስት ደረጃ እንኳ መውጣት አትችልም። ዓመት ሙሉ የጠበቀችው የቀዶ ሕክምና ተራ ነገ ነው፤ የሚያደርሳትም ይሄ በረራ ብቻ። «ቢያመልጣትስ?» ብሎ ሾፌሩ ሲጠይቅ ሐኪሙ መነጽሩን ነው የወለወለው።

«አለቃ፣ የድሮውን የናፍጣ ሊፍት ላውጣው። እዚሁ ጋራዥ ውስጥ ነው!»

«ወንድሜ፣ ዛሬ አንዲት የጭስ ክር ከታየች ሁላችንም አለቀልን። ጋራዡን ቆልፌዋለሁ።» ኪሱን በመዳፉ ይሸፍናል። «እስኪሄዱ ታገስ።»

«አውሮፕላኑስ ይታገሳል?»

«ብቻ ሊፍት የለንም እንዳትል። አለን፤ ይኸው ቆሟል።»

ላም አለኝ በሰማይ፣ ይላል ሾፌሩ በሆዱ። ከአውሮፕላኑ ደረጃ አናት አስተናጋጇ የበሩን እጀታ ይዛ ቁልቁል ታያቸዋለች። ሾፌሩ ዘሎ የኃላፊውን ጉልበት ይይዛል። «በልጆችዎ! በፈጠረዎት!» ኃላፊው እግሩን ለማስለቀቅ ይታገላል፤ ለእንግዶቹ የዘረጋው ፈገግታ ግን ከፊቱ አልወረደም።

«ተው፣ ወንድምዓለም» ትላለች እህቱ። «ተነስ። ጉልበትህ ለደረጃው ያስፈልጋል።»

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል። ጎንበስ ይልና ያዝላታል።

«ሕፃን ሆነህ ሳዝልህ» ትለዋለች በጆሮው፣ በየቃሉ እየተነፈሰች፣ «እስከ ተረከዜ ነበር የምታረጥበኝ። ዛሬ እኔ ብለቅብህ... እንዳትቆጣ።»

«አንቺ ብቻ ጠበቅ አድርገሽ ያዥኝ፣ እታለም።»

ደረጃው ከሥሩ ይንቀጠቀጣል። መሐል ላይ ይንበረከካል። ጀርባው ላይ የልቧ ምት ይሰማዋል፤ ልክ እንደ መኪናው፣ ቲክ ይልና ዝም። ትንፋሹን ይዞ ያዳምጣል። ዝም። ዝም። ቲክ። ይነሳል።

ከታች ጭብጨባ ይፈነዳል። እንግዶቹ ካሜራቸውን ሽቅብ ቀስረዋል።

«አያችሁ?» ይላል ኃላፊው፣ ደረቱን ነፍቶ። «ናፍጣ የለ፣ ጭስ የለ። ንጹሕ የሰው ጉልበት!»

አስተናጋጇ እህቱን ተቀብላ ታስገባለች፤ በሩ ይዘጋል። ሾፌሩ ከላይኛው ደረጃ ላይ መደገፊያውን ይዞ ያለከልካል። በጠዋቱ ብርድ ትንፋሹ ነጭ ሆኖ ከአፉ ይትጎለጎላል። ኃላፊው ቀና ብሎ ያየዋል፤ ደንግጦ ወደ እንግዶቹ ይዞራል፤ ደግሞ ወደ እሱ። ከዚያ መዳፉን በገዛ አፉ ላይ ለጥፎ ይጠቅሰዋል፦ ዝጋው።