ሲልዳን ማላመድ

ጉንቮር ያላላመደችው ድመት አልነበረም። በሃውገሱን ከተማ የድመቶች መጠለያ በበጎ ፈቃድ ስታገለግል አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ከዚያ በፊት ሠላሳ ዓመት ሒሳብ አስተምራለች። ድመትም ተማሪም የሚገራው በአንድ መንገድ ነው ትል ነበር፤ በትዕግሥትና በፕሮግራም።

ሲልዳ ግን ፈተነቻት። ይህችን ግራጫ ድመት ከዓሣ ወደቡ መረማመጃ ሥር በመረብ የያዘቻት፣ በቅርጫት ቆልፋ ሐኪም ዘንድ የወሰደቻት፣ መርፌ ስትወጋም ማጅራቷን ጨምድዳ ያቆየቻት ራሷ ጉንቮር ናት። በየካቲት መጀመሪያ ቶርላይቭ የሚባል ጡረታ የወጣ የመርከብ መካኒክ ወሰዳት። ሚስቱ ከሞተች አራት ዓመት የሆነው፣ በር ሲያልፍ ጎንበስ የሚል ግዙፍ ሰው ነው። እጁ አካፋ ያክላል።

የመጠለያው ደንብ ግልጽ ነው። ድመቷ በሦስት ወር ውስጥ መነካትን ካልለመደች ትመለሳለች። የማትያዝ ድመት ብትታመም ማን ያሳክማታል? ስለዚህ ጉንቮር ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ እየሄደች ሰውየውን ታስተምረው ጀመር።

"መሬት ይቀመጡ" አለችው በመጀመሪያው ቀን። "ዓይኗን አፍጥጠው አይዩ።"

ቶርላይቭ ጉልበቱ እየተንቋቋ ተቀመጠ። ሲልዳ ቁም ሣጥኑ ሥር ናት፤ የጅራቷ ጫፍ እንኳ አይታይም።

"እስከ መቼ ነው የምቀመጠው?"

"እስክትወጣ።"

"ካልወጣችስ?"

"ለሐሙስ እንቀጥላለን።"

"ይሁን" አለ ቶርላይቭ፣ ሳያንገራግር።

በሦስተኛው ሳምንት ወደ እጅ ሥራ ገቡ። "ጣትዎን ያቅርቡላትና ታሽትት። ከዚያ ጉንጯን ብቻ ዳሰስ ያድርጉ፤ ሦስት ቆጥረው ያንሱ። ሳትሰለችዎ መተው ነው ምስጢሩ።" ድመቷ ስላልወጣች ልምምዱ በሶፋ ትራስ ላይ ሆነ። ቶርላይቭ ትራሱን በአንድ ጣት ዳበሰው።

"ይሄ እንኳን ወዶኛል" አለ።

"አቶ ቶርላይቭ፣ ቀልዱን ትተው ይቁጠሩ።"

ቆጠረ። ከዚያ ተነሥቶ ዋፍል የሚሉትን ጣፋጭ ቂጣ ጋገረ፤ ሐሙስ ሐሙስ ይጋግራል። ጉንቮር በእንጆሪ ማርማላታ ሁለት ትበላለች፤ ሦስተኛውን እምቢ ትልና ትበላዋለች። አዲሱን ሰማያዊ ሻርፕ ማድረግ የጀመረችውም በዚያው ሰሞን ነው፤ ለብርዱ ነው።

ሳምንት ሳምንትን ተካ። "ለውጥ አለ?" ስትለው "ያው እንዳለች ናት" ይላል፣ ፊቱን ወደ ምጣዱ መልሶ። ጉንቮር ግን የአስተማሪ ዓይን አላት። የሹራቡ ትከሻ ሁልጊዜ ፀጉር በፀጉር ነው፤ ቤቱን በወጉ እንደማይጠርግ ገባት። አንድ ቀን ክንዱ ላይ ቀያይ ጭረት አየች።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ጽጌረዳ ስከረክም ነው።"

እህ፣ ጽጌረዳ! አላመነችውም። በግድ ሊይዛት ሲል ቧጭራው ይሆናል። በዚያ እጅ ተይዞ ማን ዝም ይላል?

ጎረቤቱ ወይዘሮ ኦሴ ጨርሳ ነገሩን አባባሰችው። አጥር ሥር ጠብቃ፣ "እኔ ወሬ አልወድም" ብላ ጀመረች። "ግን ይጮኽባታል። 'ውረጂ! አንቺን እኮ ነው፣ ውረጂ!' ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ጠዋት ጠዋት ነው ደግሞ።"

ጉንቮር ያን ሳምንት እንቅልፍ አልወሰዳትም። ለድመቷ አዘነች። ለምን እንደሆነ ባታውቀውም፣ በሰውየው ደግሞ ከማዘን አልፋ ተቀየመች።

በአሥራ ሁለተኛው ሐሙስ መዝጊያ ያለውን ቅርጫት ይዛ መጣች። ቶርላይቭ ቅርጫቱን ሲያይ የያዘው ሊጥ ማማሰያ እጁ ላይ ቀረ።

"ሊወስዷት ነው?"

"ደንብ ነው። ጥፋቱ ማን ዘንድ እንዳለም እርስዎ ያውቁታል።"

"አውቃለሁ" አለ። ማማሰያውን አስቀምጦ፣ "አምስት ደቂቃ ብቻ ይስጡኝ። ለብቻዬ ልሰናበታት።"

ጉንቮር ወጥታ ደረጃው ላይ ቆመች። ያካፋል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ግን አንድም ተፈታኝ ያለ ተቆጣጣሪ ትታ አታውቅም፤ እግሯ በራሱ ወደ መስኮቱ ወሰዳት።

ቶርላይቭ መሬት ተቀምጧል። ሲልዳ ከቁም ሣጥኑ ሥር ወጣች። ተንጠራራች። ጉልበቱ ላይ ዘለለች፣ ከጉልበቱ ወደ ደረቱ፣ ከደረቱ ወደ ትከሻው ወጥታ ማጅራቱን ተጠመጠመችበት። ቶርላይቭ አውርዶ በጀርባዋ አንጋለላት። በአካፋ እጁ መዳፏን ይዞ ጥፍሮቿን አንድ በአንድ እየገለጠ አየ። ሆዷን አሻት። ሲልዳ አዛጋች።

ጉንቮር በሩን በረገደችው። ድመቷ እንደ ጥይት ተወርውራ ቁም ሣጥኑ ሥር ገባች።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?" አለች፣ የዝናቡ ውኃ ከአገጯ እየተንጠባጠበ።

"በመጣች በማግሥቱ።"

"አሥራ ሁለት ሳምንት! አሥራ ሁለት ሳምንት ሙሉ መሬት ላይ አስቀምጬዎት! ትራስ ሲዳብሱ! አንዲት ቃል መተንፈስ ምን አቃተዎት?"

ቶርላይቭ እስከ ጆሮው ቀላ። መሬት መሬቱን እያየ፣

"ብነግርሽማ ትቀሪብኝ ነበራ" አላት።