ጠፍቷል

የሠናይት ቀኝ እጅ እስከ ክርኗ ማሽኑ ውስጥ ገብቷል። ማሽኑን የሚያራምደው ሞተር ከወደ ኋላ ነው፤ በመቁረጫው ስር ካልሆነ አይደረስበትም።

«ጋሽ ባየው፣ ጠፍቷል አይደል?»

«ጠፍቷል፣ ጠፍቷል።» ሽማግሌው አናጢ ጋቢያቸውን ተከናንበው በሩ ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። «ስሙ ደብረ ብርሃን፣ ብርሃኑ የለ።»

«ይተዉኝ እስቲ፣ ልሥራበት።»

እንጨት የሚቀርጸው ማሽን ከትናንት ጀምሮ ይንቀጠቀጣል እንጂ አይራመድም። ለአንኮበር ቤተክርስቲያን በታዘዘው በር ላይ መስቀሉን አጣምሞ ቆመ። ጋሽ ባየው ሞተሩን የሚያዘው ድራይቭ ተቃጠለ ብለው ለቅሶ ሊቀመጡ ነበር። ልትጠግን የተጠራችው ሠናይት በቴስተር ስትለካው ድራይቩ ደህና ነው። ከሞተሩ ከሚመጡት ሽቦዎች አንዱ ነው ላስቲኩ ውስጥ የተበጠሰው።

የሽቦውን ሶኬት ከሞተሩ መንቀል ብቻ ቀርቷታል። ትስባለች። እምቢ ይላል። እጇን መልሳ ልታወጣ ስትል አንድ ብሎን የሹራቧን እጅጌ ይዞታል።

ታች ሰፈር ወፍጮው ተነሳ።

ቀጥ ትላለች። ታች ሰፈር መብራት ከመጣ እዚህም ይመጣል፤ ትንሽ ይዘገያል እንጂ አይቀርም። ጠዋት መብራት የሄደው ደግሞ ጋሽ ባየው ማሽኑን እያስነሱ ሲያሳዩዋት ነው።

«ጋሽ ባየው። አጥፍተውታል፣ ወይስ ጠፍቷል?»

«ምን ለየው የኔ ልጅ? መብራት የለም እኮ።»

መቁረጫው ከእጅ አንጓዋ አንድ ጣት አይርቅም። ማብሪያው እንደበራ ነው ማለት ነው።

«ያጥፉት።»

«ቆይ፣ ጫማዬን ላጥልቅ...»

«ጋሽዬ፣ ያጥፉት።» ድምፅዋ ቀጥኗል። የራሷ አይመስልም።

አሁን ገባቸው። ጋቢው መሬት ይወድቃል፤ በባዶ እግራቸው፣ በፍቅፋቂው ላይ እየተንሸራተቱ ይመጣሉ። አጥሩ ማዶ የጎረቤት ሬዲዮ ከቃል መሐል መናገር ይጀምራል።

ሠናይት ትከሻዋን ወደ ኋላ ትጥላለች። ሹራቡ ይተረተራል። እጇ ወጣ።

አምፖሉ በራ፤ መቁረጫው ጮኸ።

ጋሽ ባየው ማብሪያው ላይ ይወድቁበታል። «አጠፋሁት» ይላሉ እያለከለኩ። «አጠፋሁት፣ ልጄ።»

የእጅጌዋ ቀይ ክር መቁረጫው ላይ ተጠምጥሟል። ጠፍቶም ገና ይዞራል፣ ቀስ እያለ።