መጋረጃ አልባ መስኮቶች

ወጣቷ ረዳት፣ የለንደን ተከራዮች ሕንፃቸው ፎቶግራፍ ሲነሣ መጋረጃቸውን ያለ ክርክር የሚያወርዱት በቤታቸው ውበት ኮርተው ይመስላት ነበር። አለቃዋ፣ ዝነኛው አርክቴክት፣ በነደፈው ልስን አልባ የሲሚንቶ ሕንፃ ላይ ጨርቅ ማየት ይጸየፋል፤ ስለዚህ እንደ ልማዷ ቀድማው የአንዲት ተከራይ በር አንኳኳች።

«ለጥገና ሦስት ደብዳቤ ጽፌ ገና ዛሬ ትዝ አልኳችሁ? ብቻ መምጣትሽም ደግ ነው!» አለች ሚስስ ፔትግሩ፣ የሚያስል ሕፃኗን አቅፋ መጋረጃውን እያወረደች። «በይ፣ ሻጋታውን አይተሽ ፍረጂ።»

ብርሃን ሲገባ ከመስኮቱ ትይዩ ያለው ግድግዳ እስከ ጣሪያው ጠቁሮ ታየ። የበሰበሰ ሥጋ የመሰለ ጠረን ይተፋል፤ እርጥበቱም ወደ ሕፃኑ አልጋ ይንቆረቆራል።

አርክቴክቱ ደጃፉ ላይ ቆሞ አፍንጫውን በመሐረብ ያዘ።

«ይህ በመስታወቱ አልፎ ፎቶው ላይ ይወጣል፤ የሽልማት ዳኞቹ ካዩት አለቀልን። የዚህችኛዋ መጋረጃ ይመለስ» አላት።

ወጣቷ ወንበር ላይ ወጥታ መልሳ ሰቀለችው።